የሾርባው ጨው

ሃይፋ ዳገት ናት፤ ደረጃዋ አያልቅም፣
ወደብ የዋለ ሰው ቤቱ ቶሎ አይዘልቅም።
ኑሪ ግን ሲወጣ፣ እርከን እየቆጠረ፣
በየማረፊያው ላይ ስንኝ ይቋጥር ነበረ።
የጉምሩክ ጸሐፊ፤ ከጠዋት እስከ ማታ
የብርቱካን ሣጥን ሲያስር፣ ሲፈታ፤
ገጣሚ ነህ ቢሉት የሚስቅ በእርጋታ።

ሚስቱ ጌዑላ ናት፣ ልብስ ሰፊ፤ ምላሷ
ቀድሞ የሚቆርጥ ነው፣ ሳይነሣ መቀሷ።

ስምንት ዓመት ሆነ። ክረምት ነው፤ እራት ላይ
ምስር ሾርባ ቀርቦ፣ ቀና ብሎ ሳያይ
«ጨው በዝቶበታል» አለ። ሌላም የለ ጉዳይ።
ሌሊት ትኩሳቱ እንደ እቶን አነደዳት፤
ሦስት ቀን አስተኝቶ በአራተኛው ተዋት፤
ባዶ እጁን አልሄደም፤ ጆሮዋን ቀማት።

እንግዲህ ከባሏ የሰማችው የመጨረሻ
ቃል ስለ ጨው ሆነ። የለውም ማስረሻ።

በጭነት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈላት፤
አንዲት ቃል ናት ሁሉም፣ ደጋግሞ ጠራባት፦
«ሺምዒ»።
እኛ ዘንድ «ስሚ» ናት፤ እኅታማች ቃላት፣
የአንድ ማሕፀን ልጅ፣ ባሕር የለያያት፤
ለዚያችኛዋ ብቻ ዐይኑ «ዐ» ጉሮሮ ያቆየላት።

ታች ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጎረምሳ፣
አቪሻይ፣ ፒያኖው ሦስት ጥርሱ የሳሳ፣
ኀዘኑን ጠቅልሎ በጭፈራ አስነሣ።
ዞሃራ ዘፈነችው፣ ብርማ ቀሚስ ለብሳ፤
(ቀሚሱን ጌዑላ ናት የሰፋች። ለየትኛው ዘፈን
እንደሆነ አልጠየቀች። ወገቧን ለካች፣ ክፍያዋን ተቀበለች።)

ቅዳሜ ማታ ነው። ሰንበት እንደ ወጣ
ያ ሕንፃ በሙሉ ወንበር ይዞ መጣ፤
ቴሌቪዥን ያለው እዚህ ቤት ብቻ ነው።
አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ አንቴና ጨብጦ
«አሁንስ?» ይላል፤
«ወደ ግራ! አይ፣ ወደ ባሕሩ!»

በሰሜን፣ ዝናባም፣ ስሟ ለምላስ በማይመች ከተማ
ዞሃራ አፏን ስትከፍት አዳራሹ ተነሣ።
የባዕድ ሀገር ሰዎች ዳንኪራ መቱ፣
«ሺምዒ፣ ሺምዒ»ን እንደ ከረሜላ
ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያገላበጡ።
የደስታ ዘፈን ነው አሉ። ማን ይንገራቸው?
ምስር ሾርባ እንዳለበት ማን ይንገራቸው?

ጌዑላ የምታየው የቀሚሱን ጠርዝ ነው፤
«በግራ በኩል ተኮማትሯል፤ ያለ ካውያ ለበሰችው» አለች።
ከዚያ ዐይኗን ከጠርዝ ወደ ከንፈር አነሣች።
ከንፈር ሲሾል፣ ሲገጥም፣ ሲላቀቅ አነበበች።
እንደገና።
እንደገና።
ወደ ማንም አልዞረች።

ነጥቡ መጣ ቀጥሎ፣ በስልክ፣ እየተቆራረጠ፤
«ስምንት»። «አሥር»። «ባዶ» — ሥጋ ሻጩ ኦቫድያ
የዚያን ሀገር ከብት ሁሉ ረገመ።
አሥራ ሁለት ሲባል ወንበር ተገለበጠ።
የመጨረሻው ድምፅ ሳይነበብ ገና
ሕንፃው ዘለለ፤
ጌዑላ ድሉን በተረከዟ ሰማችው፣
ከወለሉ፣ በነጠላ ጫማዋ በኩል።

ኑሪ ማድ ቤት በር ላይ ሳህን እያደረቀ ነው፤
ሦስት ሀገር ድምፅ ሲሰጥ ያደረቀውን፣
ያንኑ ሳህን።
«ለማን ነው የጻፍከው?» አሉት እየሳሙት።
«ለዜማው» አለ።

ደረሰኙን እሷ ድሮ አግኝታዋለች፣
ሱሪውን ልትተኩስ ኪሱን ስትፈትሽ፤
ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ፣ ከክሩ ሥር፣
አራት ታጥፎ፣ ጠርዙ ተጠምዝዞ ተቀምጧል።

ሁሉም ወንበሩን አነሣ። የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ቀረ።
መንገድ ላይ መኪኖች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፤
ልጁን ከጣሪያ ማውረድ ተረስቷል።
ያኔ ጌዑላ፣ በዚያ ልኩን በማያውቀው ድምጿ፣
ታች ቤት አቪሻይ ደንግጦ እጁን ከፒያኖው እስኪያነሣ
ጮክ ብላ፣
«ኑሪ» አለችው፣ «እውነትህን ነበር።
በዝቶበት ነበር።»